ላይኛው ፎቅ ሻወር ይንጠባጠባል፣ ታችኛው ሮቶውን ያደርቃል፤ ከየት ልጀምር?

የአያቷ (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ጂ+1 ቤት ነው፣ አምስት ሰው ይኖርበታል። የከተማ ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና አርብ ሌሊት ይመጣል። ግቢ ውስጥ በብረት ማማ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ፤ አርብ ሌሊት ጢም ብሎ ይሞላና ሰኞ ማታ ባዶ ይሆናል። ከዚያ እስከ ማክሰኞ ሌሊት በጀሪካን ነው።

መለኪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ከሮቶው ወለል እስከ ላይኛው ሻወር ራስ ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር፣ እስከ ታችኛው 4.6 ሜትር ነው። 10 ሊትር ባልዲ ከታችኛው ሻወር በ60 ሴኮንድ ይሞላል፤ ከላይኛው 2 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ላይኛው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያቀላቅል ቧንቧ) ነው፤ ራሱ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ነው። ታችኛው ባለ ሁለት እጀታ የድሮ ነው። ቦይለሩ 50 ሊትር፣ 1,500 ዋት ሲሆን ወጥ ቤት ተሰቅሏል። ከእሱ እስከ ላይኛው ባኞ ቤት 12 ሜትር የ20 ሚሊ ፒፒአር (የፕላስቲክ) ቱቦ አለ፤ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈሳል።

ሦስት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች አሉ። የከተማ ውሃ ሲመጣ ላይኛው ሻወር ላይ ቀዝቃዛው ይበረታና ሙቁ ጨርሶ ይጠፋል። ተንሳፋፊው (ጋለጃንቴው) በአዲስ ተቀይሮም አንዳንድ ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭም ይንጠባጠባል፤ ቧንቧ ሠራተኛው «በታፕ እንድፈነው» ብሏል።

አንዱ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ግዙ ይላል፣ ሌላው ትልቅ የሻወር ራስ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

ቆጣሪ አንባቢ፦

ለክተው ስለመጡ ሥራውን አቅልለውልናል። መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ በሒሳብ እንየው።

ታችኛው ሻወር በደቂቃ 10 ሊትር ነው። ሰው 10 ደቂቃ ቢታጠብ 100 ሊትር። ሦስት ሰው እዚያ፣ ሁለት ሰው ላይ (በደቂቃ 4 ሊትር ለ12 ደቂቃ፣ 48 ሊትር) ይታጠባል ብንል በቀን 396 ሊትር ለሻወር ብቻ ይወጣል። የሽንት ቤቱ ታንክ 9 ሊትር የሚለቅ ከሆነና እያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ጊዜ ቢለቅ 180 ሊትር። ለወጥ ቤትና ለልብስ 90 እንጨምር። ድምሩ 666 ሊትር ነው። 2,000 ለ666 ሲካፈል ሦስት ቀን ነው፤ አርብ ሌሊት የሞላ ሰኞ ማታ ያልቃል። የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ የተደበቀ ፍሳሽ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ታችኛውን ወደ 7 ሊትር አውርደን መታጠቢያውን 6 ደቂቃ እናድርገው፤ ለአንድ ሰው 42 ሊትር ይሆናል። ላይኛው ተሻሽሎ 6 ሊትር ቢሰጥ በ6 ደቂቃ 36። ድምሩ በቀን 198 ሊትር። የሽንት ቤቱ ታንክ 6 ሊትር እንዲለቅ ቢስተካከል 120፣ ሌላው ያው 90። በቀን 408 ሊትር፣ ማለትም አምስት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሌላ ሮቶ ሳይገዙ ማክሰኞ ላይ ይደርሳሉ።

6 ደቂቃ ሲባል ውሃው የሚፈስበት ጊዜ ማለት ነው። ሳሙና ሲመቱ ከዘጉት ሰውነት ላይ የፈለጉትን ያህል መቆየት ይቻላል።

ቦይለሩም ከዚሁ ሒሳብ ያተርፋል። ሙቁ 60 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 18፣ የሚታጠቡበት 40 ቢሆን ከድብልቁ 52 በመቶው ከቦይለር ይመጣል። ከ50 ሊትሩ ቀዝቃዛ ከታች እየገባ ስለሚቀላቀል በደንብ የሚጠቅመው 40 ሊትር ገደማ ነው። ዛሬ 100 ሊትር የሚታጠብ ሰው 52 ሊትር ሙቅ ይፈልጋል፤ እሱ ራሱ መጨረሻ ላይ ይበርደዋል፣ ቀጣዩም ቀዝቃዛ ይጠብቀዋል። በ36 ሊትር ግን ሁለት ሰው ተከታትሎ ይታጠባል። መልሶ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው።

ሃያ አምስት ሚሊ፦

ሒሳቡ ልክ ነው። ወደ ቧንቧው ልግባ።

10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ነው። ላይኛው ሻወርዎ 0.15 ባር፣ ታችኛው 0.46 ባር አለው (ሮቶው ሲሞላ ትንሽ ከፍ ይላል)። ገበያ ላይ ያለው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር አብዛኛው የተሠራው ለ1 ባርና ከዚያ በላይ ነው። ካርትሪጁ (እጀታው ሥር ሆኖ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ውስጥ ያለው የሴራሚክ ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ በ0.15 ባር ውሃ ያሳልፋል፣ ግን እየለመኑት። ታችኛው የድሮው ባለ ጎሚኒ (በጎማ የሚዘጋ) ስለሆነ ሲከፈት ውስጡ ሰፊ ነው፤ ሰዎች «የድሮ ዕቃ ጥሩ ነበር» የሚሉት አንዳንዴ ምክንያት አለው።

ትልቅ የሻወር ራስ የሚለውን ምክር ይተዉት። 25 ሳንቲ ሜትር ራስ ከመቶ በላይ ቀዳዳ አለው። በደቂቃ 4 ሊትር ለመቶ ቀዳዳ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ቀዳዳ በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ እሱ ጠብታ እንጂ ጅረት አይሆንም። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀዳዳው ጥቂት የሆነ ራስ ያድርጉ። ያው 4 ሊትር እንኳ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ይለያል።

ምንም ሳይገዙ የሚፈተሹትን በቅደም ተከተል ይሂዱበት።

አንድ፣ የሻወሩን ራስ ፈተው ያለ ራስ ባልዲ ይሙሉ። 2 ደቂቃ ተኩሉ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ከወረደ ጥፋቱ ራሱ ላይ ነው። ካልተለወጠ ወደ ኋላ ይሂዱ።

ሁለት፣ ሚክሰሩ ግድግዳው ላይ የሚታሰርባቸውን ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች (ሦስት አራተኛ ኢንች) ፈተው ወንፊት ያለው ጎሚኒ ካለ ያጽዱ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አየርና ደለል ይዞ ስለሚገባ አሸዋው እዚያ ይከማቻል።

ሦስት፣ ከሮቶው መውጫ እስከ ባኞ ቤት ያሉትን ሳራቺኔስካዎች (ውስጡ ያለው በር እየወረደ የሚዘጋ ቫልቭ) ሁሉ ይቁጠሩ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ሳራቺኔስካ እጀታው እየዞረ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ግማሽ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ከውጭ ክፍት ይመስላል። እንዲህ ያለውን በቦል ቫልቭ ይቀይሩት፤ ክፍትና ዝጉ በዓይን ይታያል፣ ሲከፈትም መንገድ አያጠብም።

አራት፣ ቦይለሩ ላይ የታሰሩት ፍሌክሲብል ቱቦዎች። ግማሽ ኢንች ተብለው ይሸጣሉ፤ የውስጥ ቀዳዳቸው ግን ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በከተማ ግፊት አይታወቅም፣ በ0.15 ባር ግን እንደ ማነቆ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ባለው ወይም በቀጥታ ፒፒአር ይተኩ።

የ20 ሚሊ ፒፒአርም ስሙ 20 ይሁን እንጂ ለሙቅ የሚሆነው ወፍራሙ (ፒኤን 20) ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 4 ሊትር በ12 ሜትር ቱቦ ሲሄድ ከ1.5 ሜትር ከፍታዎ 0.4 ሜትር ያህሉን ቱቦው ብቻ ይበላዋል፤ ጎሚቶዎቹን (የቱቦ መታጠፊያዎቹን) ሳይጨምር። በ25 ሚሊ (ውስጡ 16.6) ኪሳራው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከሮቶ እስከ ቤቱ መግቢያ 32፣ ከዚያ እስከ ባኞ ቤቱ 25፣ ሚክሰሩ ጋ ብቻ 20 ቢሆን ጥሩ ነበር። ቤቱ ተለስኖ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ግን ለዚህ ብቻ ግድግዳ አላስቆፍርም።

የሙቁ መጥፋት የተለየ በሽታ ነው። የጠረጠርኩትን ከመናገሬ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉልኝ። የከተማ ውሃ ባለበት ሰዓት የሮቶውን መውጫ ይዝጉና ላይኛውን ቀዝቃዛ ይክፈቱ። ይመጣል ወይስ ይቆማል?

የአያቷ፦

ሞከርኩት። ሮቶውን ዘግቼም ቀዝቃዛው እንደ በረታ ይመጣል። ሙቁ ግን ፍጹም ቆመ።

ሃያ አምስት ሚሊ፦

እንግዲያው ከቆጣሪው የመጣው መስመር ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ሮቶውን ይሞላል፣ ሌላው በቀጥታ የቤቱ ቀዝቃዛ መስመር ላይ ይገጠማል። ሮቶውም በቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ) አልፎ እዚያው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ይገናኛል። ቦይለሩ ግን የሚጠጣው ከሮቶ ብቻ ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነው። የከተማው ግፊት 3 ባር ነው እንበል፤ የሙቁ 0.15 ባር። ሚክሰሩ ውስጥ ሁለቱ ሲገናኙ ቀዝቃዛው ሙቁን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። እጀታውን ወደ ሙቅ ቢያዞሩ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም በር በከፊል ክፍት እስከሆነ ድረስ ጉልበተኛው ያሸንፋል።

የሮቶው መፍሰስም ከዚሁ ነው። ጋለጃንቴው ውሃውን ከላይ ዘግቷል፤ ውሃው ግን ከታች፣ በመውጫው በኩል ተመልሶ እየገባ ነው። ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ሮቶው መውጫ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ በአሸዋ ተይዞ አይዘጋም፣ ወይ በሚክሰሩ አልፎ በቦይለሩ በኩል ይመለሳል። ማንም ሻወር ሳይከፍት ሌሊት የሚፈስ ከሆነ የመጀመሪያውን እጠረጥራለሁ። ለማረጋገጥ አንድ የፈረቃ ሌሊት ብሬከሩን አጥፍተው የቦይለሩን መግቢያ ይዝጉ። ሮቶው አሁንም ከፈሰሰ ጥፋተኛው የሮቶው ቼክ ቫልቭ ነው። መፍሰሱ ከቆመ ግን መመለሻው ሚክሰሩና ቦይለሩ ናቸው፤ ከሴፍቲ ቫልቩ ጋር አብሮ ያለው ቼክም አልቋል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀጥታውን ግንኙነት መዝጋት ነው። ቦል ቫልቭ ይግጠሙበትና ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ ሮቶው የሚታጠብ ቀን ብቻ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ሮቶ፣ በእኩል ግፊት ይመጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ብርቱ ቀዝቃዛ ይቀራል፤ በምትኩ ሙቅና ቀዝቃዛው ሳይጣላ ይዋኻዳል።

ከቆጣሪው ቀጥሎም ቼክ ቫልቭ መኖሩን ይዩ። የከተማ መስመር ሲቋረጥ ቱቦው ውስጥ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ቼክ ከሌለ የቤትዎ ውሃ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ኤርዝ ይኑር፦

ሴፍቲ ቫልቩን እንዳትደፍኑ! ይህን ያለው ሰው ቦይለር አይንካ።

ውሃ ከ18 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.5 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በ50 ሊትር ላይ ከ0.7 እስከ 0.8 ሊትር ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቼኩ ይዞታል፣ ሻወሩም ዝግ ነው፤ የሚወጣበት ብቸኛ በር ሴፍቲው ነው። ስለዚህ ሲያሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። ቢደፈንና ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ ሲደርስ የሚያጠፋው) አንድ ቀን ቢጣበቅ በርሜሉ ይፈነዳል። ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ አፉ ክፍት ሆኖ ቁልቁል ወደ ወለል ማፍሰሻ ያውርዱት።

ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞም የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን መቀመጫው ላይ አሸዋ ይዟል። እጀታውን አንስተው ለ5 ሴኮንድ ያስፈስሱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ካልቆመ ይቀየር፤ የሚከፈትበት ግፊት (ብዙ ጊዜ 8 ባር) ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ተመሳሳዩን ይግዙ።

አብረው ማግኒዥየሙን ዘንግ በዓመት አንዴ አውጥተው ይዩ። ብረቱን ወክሎ የሚበላው እሱ ነው። ግማሹ ከተበላ ይቀየር። ቦይለሩ ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ መጥፋት አለበት፤ ውሃ ሳይሞላም አይበራም፣ ማሞቂያው ብረት በደቂቃዎች ይቃጠላል።

ቆጣሪ አንባቢ፦

ስለ ፓምፑ አንድ ነገር ልጨምር። ግፊት ሲጨምር ፍጆታውም አብሮ ይጨምራል። ፍሰት ከግፊት ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚያድገው። ትንሽ የሻወር ፓምፕ 0.15 ባሩን ወደ 1.1 ባር ቢያደርሰው ላይኛው ከ4 ሊትር ወደ 10.8 ሊትር ይዘላል። ልማዱ 12 ደቂቃ ከሆነ 130 ሊትር ለአንድ ሰው ነው። ፓምፕ ገዝተው እሑድ ማታ ሮቶው ባዶ ሆኖ ያገኙታል።

ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱ ደግሞ ይብሳል። 3 ባር አካባቢ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል፤ ለአንድ ሻወር ተብሎ የድሮው ቱቦና ፍሌክሲብል ሁሉ ግፊት ይሸከማል።

ሃያ አምስት ሚሊ፦

እኔ ፓምፑን ጨርሶ አልጥልም። ላይኛው ክፍል 0.15 ባር ላይ እስከቆየ ድረስ ሚክሰሩ መቼም አይደሰትም። ግን ከላይ ያሉት አራት ነገሮች ተሠርተው በደቂቃ 6 ሊትር ካልደረሰ ነው የምገዛው።

ከተገዛም 120 ዋት አካባቢ፣ ፍሰት ሲሰማ ራሱ የሚነሳ ትንሹ ዓይነት ይሁን። ቦታው ሮቶው መውጫ ላይ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ከመለያየታቸው በፊት ነው። ሙቁ ላይ ብቻ ቢገጠም ያንኑ የግፊት ጠብ ገልብጦ ማምጣት ነው። አጠገቡ ባለ ቼክ ቫልቭ ማለፊያ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ከዚያ ቆጣሪ አንባቢ ያሉት እንዳይደርስ የሻወሩ ራስ መግቢያ ላይ በደቂቃ 7 ወይም 8 ሊትር የሚል ማነቆ ጎሚኒ ይግባ። ይህ ጎሚኒ ልክ የሚሠራው 1 ባር ገደማ ሲያገኝ ነው፤ አሁን ታችኛው ላይ ቢያስገቡት ዝም ብሎ መንገድ ያጠባል። ታችኛውን ለጊዜው በትንሽ ራስና ቫልቩን በመቀነስ 7 ሊትር ላይ ያቁሙት፤ ባልዲው በ85 ሴኮንድ ሲሞላ ደርሰዋል።

ፓምፑን በምንም መንገድ ከከተማው መስመር በቀጥታ እንዳያስሩት። ቱቦው ሲሳብ በየስንጥቁ የሰፈሩን ቆሻሻ ውሃ ይስባል፤ የሚጠጡትም እሱን ነው።

ማማውን ማሳደግም አለ። 1 ሜትር ሲጨምር 0.1 ባር ነው። ሙሉ ሮቶ ግን 2 ቶን ነው፤ ብየዳውንና መሠረቱን የሚያይ ሰው ሳይኖር አይሞከርም።

እንግዳ 7፦

ለምን ቦይለሩን ጥለው ላይኛው ላይ ኢንስታንት ሻወር (ውሃው ሲፈስ እዚያው በመብራት የሚያሞቅ) አይገጥሙም? 12 ሜትሩም ይቀራል፣ የሚባክነውም።

ኤርዝ ይኑር፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሁለት እንቅፋት አለው። 5.5 ኪሎ ዋቱ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ለብቻው ከቦርዱ የተጎተተ ቢያንስ 4 ስኩዌር ሚሊ ሽቦ (መንገዱ ረጅም ከሆነ 6)፣ 32 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መቁረጫና እውነተኛ ኤርዝ ይፈልጋል። ከመብራት መስመር ላይ ተጠልፎ ሲገጠም ሽቦው ይቀልጣል፤ ኤርዝ ከሌለው ደግሞ ቧንቧው ይነዝራል። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው የግፊት ማብሪያ በ0.15 ባር ላይነሳ ይችላል። ቢነሳም በደቂቃ 4 ሊትር ላይ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ይጨምራል፤ 18 የነበረው 38 ይሆናል። ለብ ያለ ነው።

መብራት ሲጠፋም ኢንስታንት የለም። ቦይለር ያሞቀውን ለሰዓታት ይይዛል።

ለባከነው ውሃ፣ የ20 ሚሊው 12 ሜትር ቱቦ የሚይዘው 1.6 ሊትር ነው። ቱቦው ራሱ እስኪሞቅ ተጨምሮ 4 ሊትር ያህል ይፈሳል። ባልዲ ይቀመጥበት፤ ንጹሕ ውሃ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተከታትለው ከታጠቡ የሁለተኛው ይቀራል። ቱቦውን በ25 ከለወጡት ግን የሚይዘው 2.6 ሊትር ስለሚሆን ጥበቃው ይረዝማል፤ የሙቁን ባይነኩት ይሻላል።

የከዚራ ልጅ፦

ከድሬዳዋ ነኝ። የእኛ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ የሻወር ራስ ማጽዳት እንደ ቡና ማፍላት የተለመደ ነው። አዲስ አበባም በጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ፣ በአቃቂ በኩል ያላችሁ፣ ነጩን ቅርፊት ሳታውቁት አትቀሩም።

ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርጎ ራሱን አስጠልቆ በላስቲክ ማሰር። ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ሌሊቱን ይደር፤ ኒኬል ቅቡ ወይም ወርቃማ ቀለም ያለው ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ቅቡ ይላጣል። ከዚያ በድሮ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ። ቀዳዳው ጎማ ከሆነ በአውራ ጣት ማሸት ብቻ ይበቃል። በመርፌ አትወጉት፤ ቀዳዳው ይሰፋና ውሃው ወደ ግድግዳ ይረጫል። አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የውሃ ፈረቃ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፈተው የግቢው ቧንቧ ነው፤ ቡናማው እስኪጠራ ይፍሰስ፣ ለአትክልት ይሆናል። ያ ጭቃ ሮቶ ውስጥ ከገባ ካርትሪጅ ይፈጃል። ሮቶው መግቢያ ላይ የሚታጠብ ወንፊት ቢገጠም የበለጠ ነው።

የአያቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን የተሠራው፦ ቀጥታው መስመር በቦል ቫልቭ ተዘጋ፤ ሙቁ አሁን አይጠፋም። ቦይለሩን የዘጋሁ ሌሊትም ሮቶው ስለፈሰሰ ቼክ ቫልቩ ተፈታ፣ ጠጠር ነክሶ ነበር። ሴፍቲው ሲያሞቅ ብቻ ነው የሚንጠባጠበው፤ ቱቦ ተደረገለት። ላይኛው ላይ ራሱ በ10 ሳንቲ ሜትር ተቀየረ፣ ግማሽ ላይ የቀረ አንድ ሳራቺኔስካም ተገኘ። ባልዲው አሁን በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሞላል።

የቀረኝ ላይኛው ሚክሰር ከተዘጋ በኋላ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ይላል። ሙሉው ሚክሰር ይቀየር?

ሃያ አምስት ሚሊ፦

1 ደቂቃ ከ40 ማለት በደቂቃ 6 ሊትር ነው። ፓምፑን ይርሱት።

ጠብታው ግን ይቆጠራል፤ በሴኮንድ አንድ ቢሆንም በቀን በርካታ ሊትር ያባክናል። ሚክሰሩ አይቀየርም፣ ካርትሪጁ ብቻ ነው። ውሃውን ዘግተው ሁለቱንም በር ከፍተው ያንጠፍጥፉ። የማፍሰሻውን አፍ በጨርቅ ይሸፍኑ፣ ብሎኗ ትንሽ ናት። እጀታው ላይ ያለችውን ቀይና ሰማያዊ ክዳን ነቅለው ውስጧ ያለውን ብሎን በ2.5 ወይም 3 ሚሊ አለን ቁልፍ ይፍቱ፤ እጀታውን ያውጡ፣ ጌጡን ክዳን በእጅ ያዙሩት፣ ከሥሩ ያለውን ዳዶ በካቻቢቴ ሳይሆን በልኩ ቁልፍ ይፍቱ። ካርትሪጁን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። 35 ሚሊና 40 ሚሊ አለ፤ ስፋቱ ቢመሳሰልም ከሥሩ ያሉት ሁለት እግሮች ቦታቸው ካልገጠመ አይሆንም።

ከመመለስዎ በፊት መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች አዲሱም ያንጠባጥባል። ከሥሩ ሦስቱም ጎሚኒዎች በቦታቸው መሆናቸውን ይዩ፣ እግሮቹን ጉድጓዳቸው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ዳዶውን ጠበቅ ሲል ይተዉት። ከልክ በላይ ከጠበቀ እጀታው ይከብዳል፣ ሴራሚኩም ይሰነጠቃል። ውሃውን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ አየሩ እስኪወጣ ሁለት ሦስቴ ይተፋል።

አንድ ቀን ሚክሰሩን ከግድግዳ ማውረድ ካስፈለገ ደግሞ፦ በሁለቱ ኤስ (ሚክሰሩን ከግድግዳው ቱቦ ጋር የሚያገናኙት ጠማማ ማያያዣዎች) መካከል ያለው ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሙቁ በግራ። የግማሽ ኢንቹ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ከ12 እስከ 15 ዙር፣ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠቀለላል። ሦስት አራተኛው ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም፤ እዚያ የሚዘጋው ጎሚኒው ነው።